ካሌንደሩ ላይ ያለው ፈረንጅ ማነው ላላችሁን ደንበኞቻችን

ሰላም ውድ ደንበኞቻችን፣ ካሌንደሩ ከወጣ ወዲህ ስልካችን አላረፈም፣ ሚያዝያ የጊዮርጊስ ወር ሆኖ ሳለ ይሄ ጺማም ፈረንጅ ምን ይሰራል እያላችሁን ነው፣ በየስልኩ ከምንደጋግመው አንዴ እንጻፈው ብለን ነው።

ሰውየው ዊልያም ባየርስ ይባላል። አሜሪካ ውስጥ የኦሃዮ ልጅ ነው፣ ኦማሃ መሬት ቀያሽ ነበር፣ ኮሎራዶ ወርቅ ተገኘ ሲባል እሱ አካፋ ሳይሆን ማተሚያ በበሬ ጋሪ ጭኖ መጣ። ያኔ ዴንቨር ገና መንደር ናት። ሌላም ሰውዬ ማተሚያ ይዞ መጥቶ ስለነበር ማን ይቀድማል ተባለ፣ ሚያዝያ 23 ቀን 1859 በፈረንጆቹ ማለት ነው፣ ባየርስ ከአንድ መጠጥ ቤት በላይ ባለ ጣሪያ ስር፣ በረዶው እየቀለጠ ማሽኑ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ሮኪ ማውንቴን ኒውስ የሚባለውን ጋዜጣውን በ20 ደቂቃ ቀድሞ አወጣ!! ተሸናፊው ማሽኑን ለሱ ሸጦለት ወርቅ ፍለጋ ሄደ። እኛም ማተሚያ ቤት ስለሆንን ይቺ ታሪክ ትጥመናለች፣ አንዋሽም።

ከዛ ደግሞ ዴንቨርና አውራሪያ የሚባሉት ሁለት ሰፈሮች ሲጣሉ ለማንም ላለማድላት ኦፊሱን መሀላቸው ቼሪ ክሪክ ወንዝ ውስጥ በእንጨት እግር ላይ ሰራው። ወንዝ ውስጥ! በ1864 ጎርፍ መጣና ቤቱንም ማሽኑንም ጠራርጎ ወሰደው፣ እሱ ግን ተፎካካሪውን ጋዜጣ ገዝቶ ቀጠለ።

አሁን አንዳንዶቻችሁ የጠየቃችሁን ከባዱ ጥያቄ፣ ይሄ ሰው ጭፍጨፋ ያወደሰ አይደለም ወይ የሚለው። አዎ፣ እናውቃለን። በዛው ዓመት በፈረንጆቹ ህዳር 29 የኮሎኔል ቺቪንግተን ወታደሮች ሳንድ ክሪክ የሚባል ቦታ ላይ ከ150 በላይ ሻየንና አራፓሆ የሚባሉ የአገሩን ነባር ህዝቦች ሲጨፈጭፉ፣ አብዛኞቹ ሴቶች ህጻናትና ሽማግሌዎች ናቸው፣ የባየርስ ጋዜጣ ጀብዱ ነው ብሎ ጻፈ፣ እሱም ከዓመታት በኋላ በ1880 ሄለን ሀንት ጃክሰን የምትባል ጸሀፊ ስትሞግተው ያንኑ ይከላከል ነበር። በ1901 ደግሞ ይሄው ሰው የኮሎራዶ ሰዎችን የህይወት ታሪክ የሰበሰበ ትልቅ መጽሐፍ አወጣ፣ የአገሩን ታሪክ ከጻፉት አንዱ እሱ ነው ማለት ነው፣ እንግዲህ ማን ማንን እንደሚጽፍ አስቡት። ለዚህ ነው የህዳሩ ገጽ ሳንድ ክሪክን የያዘው፣ አንዱን ያለ ሌላው ማተም አልፈለግንም፣ ሁለቱንም ገጾች አብራችሁ እዩልን።

ጋዜጣው በፈረንጆቹ 2009 ተዘጋ፣ 150 ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር እንኳ አልቀረውም ነበር።

ሚያዝያ ላይ ጊዮርጊስ ይሁንልን ያላችሁ ማህበራት ስዕሉን ላኩልን፣ ያንን ገጽ ብቻ ቀይረን እናትምላችኋለን፣ ዋጋው ያው ነው።