ካርታ ላይ የሌለችው አገር፦ የጂኦግራፊ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ጥቅምት ላይ ክበባችን ሲሰበሰብ ለልጆቹ አንድ ሥራ ሰጠኋቸው። በዓለም ላይ የሌለች፣ ስፓኒሽ የምትናገር ሪፐብሊክ ፍጠሩ አልኳቸው። ሕጉ አንድ ነው። ስለ አገሪቱ የምትጽፉት ነገር ሁሉ እውነተኛ አገር ላይ ምሳሌ ይኑረው። "ደስ ስላለኝ" ማለት አይቻልም።

ስሟ ቶሎ ተገኘ። ስፔኖች በያዙት ምድር ብዙ ከተሞችን በቅዱሳን ስም ሰይመዋል። አንዱ ልጅ ኤል ሳልቫዶር "አዳኙ" ማለት እንደሆነ አንብቦ መጣና "ቲቸር፣ እንደ መድኃኔዓለም ነው እኮ!" አለ። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው! የጳጉሜ 3 የቅዱስ ሩፋኤል ወዳጆች በዙና አገሪቱ ሳን ራፋኤል ተባለች።

ቦታዋ መካከለኛው አሜሪካ፣ ፓስፊክ ዳር ሆነ። ነፃነቷንም እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 1821 አደረጉት። ጓቴማላ፣ ሆንዱራስ፣ ኤል ሳልቫዶር፣ ኒካራጓና ኮስታ ሪካ ነፃነታቸውን የሚያከብሩት በዚያው ቀን ነው። ዋና ከተማዋ ወደብ ላይ ትሁን ያሉ ነበሩ። የኢኳዶር ዋና ከተማ ኪቶ 2,850 ሜትር፣ የኮሎምቢያዋ ቦጎታ ደግሞ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ እንደተቀመጡ ሲያዩ ግን ወደ ደጋው ወጡ።

ገንዘቡ ሁለት ሳምንት አከራከረን። ኢኳዶር በ2000 እ.ኤ.አ. የራሷን ሱክሬ ትታ ዶላር ስለያዘች፣ እኛም ዶላር እንያዝ ያለ ቡድን ተነሳ። ሌሎቹ የጓቴማላን ኬትሳል አመጡ። ኬትሳል የወፍ ስም ነው። የሆንዱራሱ ሌምፒራ ደግሞ ከስፔኖች ጋር የተዋጋ መሪ ስም ነው። በመጨረሻ የተስማሙት "ካካዎ" በሚለው ላይ ነው። በጥንት ጊዜ በዚያ አካባቢ የካካዎ ፍሬ እንደ ገንዘብ ይገበያዩበት ነበር። ምርጫው በጣም አስደስቶኛል።

ስለ ጦር ሠራዊት ብዙም አልተከራከሩም። ኮስታ ሪካ በ1948 እ.ኤ.አ. ሠራዊቷን እንዳፈረሰች ሲሰሙ ሳን ራፋኤልም ያለ ጦር ትኑር ብለው እጅ አወጡ።

የካቲት ላይ ካርታው ተስሎ፣ ባንዲራው ተቀብቶ፣ ሥራው ያለቀ መሰለን። ያን ቀን አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ተነሳች። ብዙ የማትናገር ልጅ ናት። "ቲቸር፣ ስፓኒሽ ከመምጣቱ በፊት እዚህ አገር ምን ይነገር ነበር?" አለች።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ካርታችን ላይ ተራራው፣ ወንዙ፣ ከተማው ሁሉ የስፓኒሽ ስም ነበረው። ሕዝቡ በሙሉ በመርከብ የመጣ ይመስል ነበር። እኔም ይህን ሳላስብ አራት ወር አስተምሬአለሁ። ጥያቄው ከእኔ መምጣት ነበረበት።

ካርታውን አውርደን እንደገና ጀመርን። ሜክሲኮም ጓቴማላም ስፓኒሽ ከመምጣቱ በፊት በዚያ አካባቢ ይነገር ከነበረው ከናዋትል ቋንቋ የመጡ ስሞች ናቸው። ፓራጓይ በ1992 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥቷ የነባሩን ሕዝብ ቋንቋ ጓራኒን ከስፓኒሽ እኩል የመንግሥት ቋንቋ አድርጋለች። ልጆቹ ይህን ይዘው ለሳን ራፋኤል ሁለተኛ ቋንቋ ሰጧት። የወንዞቹና የተራሮቹ ስም ተቀየረ። የካካዎው ብር ኖት ላይም ጽሑፉ በሁለት ቋንቋ ሆነ። ከዓመቱ ሥራ ሁሉ የምኮራበት ይህ ነው።

ግንቦት ላይ አንድ የተማሪ አባት እንግዳችን ነበሩ። በልጅነታቸው ከብዙ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ጋር ኩባ፣ የወጣቶች ደሴት ተልከው የተማሩ ናቸው። "ቲዬራ፣ አጉዋ፣ ፓስ" የሚለውን የሳን ራፋኤልን መሪ ቃል ከልጆቹ ጋር ጮክ ብለው አነበቡት። መሬት፣ ውሃ፣ ሰላም ማለት ነው። "ኾሴ" የሚለውን የሰው ስም እንዴት እንደሚሉም አስተማሩን። የእኛ ልጆች "ኸ" ስላላቸው አልከበዳቸውም። ሰውየው ከአርባ ዓመት በላይ ያልተናገሩት ቋንቋ አፋቸው ላይ ሲመለስ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ብሔራዊ መዝሙሩ ዜማ ብቻ ነው። የስፔን መዝሙርም ይፋዊ ግጥም የለውም። ስለዚህ ሕጋችንን አላፈረስንም።

ካርታው አሁን ቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ያቺ የ9ኛ ክፍል ልጅ የሁለተኛውን ቋንቋ ቃላት በደብተር መመዝገብ ጀምራለች። እስካሁን የውሃ፣ የእናት፣ የበቆሎና የዝናብ ስም አላት። መስከረም ላይ እንቀጥላለን።