«ጎስት አታድርጊኝ» ላልሽኝ ልጄ

የኔ እናት፣ እንደምን ሰነበትሽ?

እሁድ የላክሽልኝን ቴክስት ያየሁት ማክሰኞ ማታ ነው። «እማዬ፣ ጎስት አታድርጊኝ» ይላል። በስመ አብ ብዬ ብድግ አልኩ። እኔ የማውቀው ጎስት «ሆሊ ጎስት» ነው፤ የድሮው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ መንፈስ ቅዱስን እንዲያ ይለዋል። ሌላው ደግሞ በጨለማ የሚያስፈራው ነው። ታዲያ እኔ ልጄን ምን አድርጌያት ነው?

በማግስቱ ሥራ ቦታ ገባኝ። በቅርብ የተቀጠረች ልጅ ሦስት ቀን ሳትመጣ ቀረች። አለቃችን ደጋግሞ ደወለ፣ አላነሳችም። «ሺ ጎስትድ አስ» ብሎ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። ለካ ነገሩ ምክንያት ሳይናገሩ፣ ስልክ ሳያነሱ፣ ለመልእክት ሳይመልሱ ድርግም ብሎ መጥፋት ነው።

ከዚያ ኢንተርኔት ላይ ሳገላብጥ አመሸሁ። ሜሪያም ዌብስተር መዝገበ ቃላት «ጎስቲንግ»ን ያስገባው በ2017 ነው። መጀመሪያ የፍቅረኞች ወሬ ነበር። በ2018 መጨረሻ ግን የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ የኢኮኖሚ ሪፖርት ላይ ሳይቀር ወጣ፤ «ሠራተኛ ሳይሰናበተን ጠፋ» ያሉ አሠሪዎች ናቸው ያስጻፉት። ኢንተርቪው አድርገው ድምፃቸውን የሚያጠፉትንስ ማን ጻፋቸው? አምና አንቺን ስንቱ ነው ጎስት ያደረገሽ!

የገረመኝ ሰዋስዉ ነው። እኛ «ጠፋ» እንላለን። የጠፋው ለራሱ ጠፋ፤ የቀረነው «ጠፋብኝ» ብለን እንቀመጣለን። እንግሊዝኛው ግን መጥፋትን ሰው በሰው ላይ የሚያደርሰው ነገር አደረገው፤ እንደ መታኝ፣ እንደ ሰደበኝ። ዝም ማለት ድርጊት ሆነ። ፈረንጆቹ ስሙን ምንም ሳይጨምሩበት ግስ ያደርጉታል። አንቺ ደግሞ «አደረገ»ን ቀጥለሽበት እንደ ላይክ፣ እንደ ብሎክ አማርኛ ውስጥ አስገባሽው። ማንም አላስተማረሽም።

እኔን ብትጠይቂኝ «ዘጋኝ» ይቀርበዋል። «ምነው ዘጋሽኝ?» እየተባባልን ነው ያደግነው። ግን ልክ አይመጣም። የዘጋሽን ሰው ቤቱን ታውቂዋለሽ፤ መንገድ ላይም ታገኚዋለሽ። ያኮረፈ ሰው ደግሞ እንዳኮረፈ እንድታውቂለት ይፈልጋል። ሽማግሌ ይላክበታል፣ ቡና ይፈላል፣ ይታረቃል። ጎስት ያደረገሽ ሰው ጋ ሽማግሌ በየት በኩል ይላካል?

ደግሞ ሁለት ቀን ስልኬን አለማየቴ ጎስት አይባልም። ደብል ሺፍት ላይ ነበርኩ። እንደቀለድሽ ይገባኛል፤ ይሁን።

እኔ ግን የእውነቱን አድርጌዋለሁ፣ ያውም ቃሉን ሳላውቀው። ሲልቨር ስፕሪንግ ቤዝመንት ውስጥ አብራኝ የኖረችውን ሴት አታስታውሻትም። አንቺ ስትወለጂ ገንፎዬን ያገነፋችልኝ እሷ ናት። 400 ዶላር አበድራኝ ነበር። መመለሻው ቀን አለፈ፣ አፈርኩ፣ ስትደውል አላነሳሁም። በኋላ ገንዘቡ ሲገኝ ደግሞ ስልክ አለማንሳቴ ራሱ አሳፈረኝ። ወር ሲሆን ከበደ። ዓመት ሲሆን ጭራሽ የማይሞከር ሆነ። እሷ ስለ ገንዘቡ አንድም ቀን አልጠየቀችኝም። መጨረሻ የተወችልኝ መልእክት «ደህና ነሽ ወይ? ልጅቷስ?» የሚል ነበር።

አምና ለፋሲካ ቤተ ክርስቲያን ከሩቅ አየኋት። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አድርጌ በሌላኛው በር ወጣሁ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ያንቺን ቴክስት ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ አልወስድ ብሎኛል። ቅዳሜ እረፍት ነኝ። ገንዘቡን ፖስታ ውስጥ አድርጌዋለሁ። ቤት እንዳልቀየረችም ሰው ጠይቄ አረጋግጫለሁ። በሩን ስትከፍት ምን እንደምላት ግን እስካሁን አልመጣልኝም። «ጠፋሽ እኮ!» ብቻ ካለችኝ እድለኛ ነኝ።

እሁድ እደውልልሻለሁ። አንሺ እሺ።

እናትሽ