ጋዋኑን ስለማውለቅህ ጉዳይ

ይድረስ ለወንድሜ፣ ለዶክተራችን፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱ ብቻ ነው ያስቸገረኝ።

እሁድ ዕለት እማዬ ስልክ ላይ አለቀሰች። «ስንት ዓመት ተምሮ፣ ጋዋኑን አውልቆ ፖለቲካ ውስጥ ሊገባ ነው» አለችኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ተናድጄብህ ነበር። ያበረዱኝ እዚህ ኦስሎ የምንከባከባቸው አንድ ሽማግሌ ናቸው።

ራስጌያቸው ላይ የመስታወት መተርኮሻ አለ። አሁን ማታ ማታ የመስሚያ መሣሪያቸውን አውልቀው የሚያስቀምጡባት ናት። ድሮ ግን ቢሮ ጠረጴዛቸው ላይ ቀኑን ሙሉ አመድ ስትጠግብ ነበር የምትውለው። እንደ ፈረንጆቹ በ1988 በሥራ ቦታ ማጨስን የሚከለክል ሕግ መጣ። «ግሮን ስንቴ ረገምኳት!» ይላሉ እየሳቁ። ያኔ የኖርዌይ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረችውን ነው። እዚህ ጠቅላይ ሚኒስትርም በስሟ ነው የምትጠራው፤ አንቱታ የለም።

ግሮ ሃርለም ብሩንትላንድ እንዳንተው ሐኪም ናት። የኦስሎ ተማሪዎች ጤና ላይ ስትሠራ ነው በ1974 ሚኒስትር ሁኚ የተባለችው። ያውም የአካባቢ ጥበቃ! ከዚያ ሦስት ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነች። ከ1998 ጀምሮ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅትን መራች። ዓለም አቀፉ የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት በ2003 የጸደቀው በእሷ ጊዜ ነው። እኛም አገር ገብቶበታል፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ማጨስን ከልክሏል።

አንተ ጋ የሚመጣው ሰውዬ ሳንባው ካለቀ በኋላ ነው። እኚህን ሽማግሌ ግን ሕጉ ሳይታመሙ ደረሰላቸው። ያኔ ንዴቴ በረደ።

ሴትዮዋ እንከን የላትም እያልኩህ አይደለም። ድርጅቱን ስትመራ ሞባይል ራሴን ያመኛል ብላ ቢሮዋ እንዳይገባ ከልክላ ነበር አሉ። ሐኪም ሥልጣን ሲይዝ የራሱን ራስ ምታትም ደንብ ሊያደርገው ይችላል። ይቺን ልብ በልልኝ።

እማዬን ደግሜ ደወልኩላት። ለካ ያስለቀሳት ፖለቲካው አይደለም። «ግፊቴን ማን ይለካልኛል?» ነው ያለችኝ። መለኪያ ማሽን በሰው ልኬያለሁ። ሥራ ሳትጀምር አለካኩን ለእህታችን አሳያት፤ ባትሪውን ለብቻ ጠቅልዬዋለሁ።

እህትህ፣ ከኦስሎ