የንባብ ክበብ ዘገባ፦ ክረምቱን በፊታውራሪ መሸሻ ቤት

አምና ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ለክበቡ አባላት አንድ ሥራ ሰጠን፦ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በክረምቱ አንብባችሁ ኑ። የአገራችን ሰው ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ይህ ልብ ወለድ ከ500 ገጽ በላይ ነው። ታሪኩ የሚካሄድባቸው ማንኩሳም ዲማም የእኛው ጎጃም ናቸው።

መስከረም ላይ ክበቡ ለሁለት ተከፍሎ መጣ። ግማሹ ለፊታውራሪው ልጅ ለሰብለ ወንጌል አልቅሷል። ግማሹ ደግሞ የአገሩን ልማድ የሚተቸውን ጉዱ ካሣን አንሥቶ «ቲቸር፣ ጉዱ ካሣ ወሬ አያልቅበትም እንዴ?» ይላል። እውነቱን ለመናገር እኔም ከሁለቱም ወገን ነኝ። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው የሚመጥን ባል ሲያማርጡ ዕድሜዋን መብላታቸው ዛሬም ያናድዳል፤ ኩራታቸው ደግሞ ያስቃል። የጉዱ ካሣ ንግግር ግን አንዳንድ ቦታ ስብከት ይሆናል። መጨረሻው ላይ ሞቱ ሲደራረብም «ኧረ በዛ!» ያሉ አሉ።

ጥር ላይ ዲማ ጊዮርጊስን ልናይ በደጀን ዞረን በብቸና በኩል ሄድን። የመኪናውን ያዋጡልን ወላጆች ናቸው፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምተው ያደጉ ናቸውና ማስረዳት አላስፈለገንም።

እዚያ ቆመን የሰብለ ፍቅረኛ የበዛብህ ወላጆች ነገር ተነሣ። ውድነሽና ቦጋለ ልጃቸው እንዲያድግላቸው ለቤተ ክርስቲያን መሳላቸውን አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ «ግፍ ነው» አለች። ሁሉም ተስማሙ። ዓመቱን ሙሉ ከኋላ ዝም ብሎ የሚቀመጥ አንድ ልጅ አለን፤ ከአብነት ትምህርት ቤት ወደ አስኳላ የመጣ ነው። «እኔንም እናቴ ተስላብኝ ነበር» አለ። «ከኔ በፊት የወለደቻቸው ሞተውባታል። ምን ታድርግ? ስሄድ ጭብጦ አሲዛ እስከ ወንዙ ሸኘችኝ። ጭብጦው አኩፋዳዬ ውስጥ ሻገተ፤ መብላት አቃተኝ። አስኳላ ልግባ ስላት ግን እሺ አለችኝ። በዛብህን ማን ጠየቀው?»

ልጅቷ ነጠላዋን እያስተካከለች «እንግዲህ ግፍ ያልሁትን ልመልስ?» አለች።

«አትመልሽ» አላት።

ሳቁ። እኔ ዞር ብዬ መኪናውን የምፈልግ መሰልሁ።

የረቡዕ ስብሰባችን እንደ ወትሮው ነው። በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ግጥም አቅርበናል። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት የፈተና ዝግጅት አባላቱን ስለወሰደብን ተቀዛቅዘናል። «ልብ ወለድ ተማሪ ያዘናጋል» የምትሉ ባልደረቦቼ አንድ ረቡዕ ብቅ በሉና ክርክሩን ስሙት።

የመጽሐፍ ነገር ግን አስቸግሮናል። የቤተ መጻሕፍታችን ቅጂ የመጨረሻ ገጾቹ የሉም። አንዲት የ9ኛ ክፍል አንባቢያችን በእሱ አንብባ ሰብለና በዛብህ ተጋብተው ወልደዋል እያለች ስትከራከር ከርማለች። ኳስ ሲቀደድ በሳምንቱ ይተካል፤ እሰየው። መጽሐፍ ሲቀደድ ግን በፕላስተር እንለጥፋለን፤ ገጹ ከተገኘ።

ለዘንድሮው ክረምት መጻሕፍት ማሰባሰብ ጀምረናል። አንብባችሁ የጨረሳችሁት ካለ በልጆቻችሁ ላኩልን፤ ስማችሁን ከፍተን እንመዘግባለን። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የምትሰጡን ደግሞ፣ አደራ፣ ከነመጨረሻው።