ጌሙ በየትኛው ማሽን እንደሚሠራ ይጻፍልን

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሳሪስ አቦ አካባቢ ፕሌይስቴሽን ቤት አለኝ። ጋዜጣችሁ ቤቴ አይጠፋም። ልጆቹ ተራ ሲጠብቁ መጀመሪያ ስፖርቱን ያነባሉ፣ ቀጥሎ የቴክኖሎጂውን ገጽ ይገልጣሉ። የምጽፍላችሁም ስለዚሁ ገጽ ነው።

ስለ ጌም የምታወጡት አብዛኛው ዜና ኩባንያዎቹ ራሳቸው የለቀቁት ማስታወቂያ ነው። አማርኛ ይሆንና ፎቶ ተጨምሮበት ዜና ተብሎ ይወጣል። "በጉጉት የሚጠበቀው"፣ "ከዚህ በፊት ታይቶ የማይታወቅ ግራፊክስ"። እንዲህ ያለውን አባባል የኩባንያው የሽያጭ ክፍል ቢጽፈው አይገርመኝም፤ ሥራው ነው። የእናንተ ሥራ ግን ሌላ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቤቴ ውስጥ ምን እንደሚፈጠር ልንገራችሁ። ጂቲኤ 6 የተባለው ጌም ሁለተኛ ትሬይለር (ማስተዋወቂያ ቪዲዮ) እ.ኤ.አ. ሜይ 2025 ሲለቀቅ የፊፋ ጨዋታ ተቋርጦ ሁሉም አንድ ስልክ ላይ ተደፋ። አንዱ ልጅ ቪዲዮውን አቁሞ ጠርሙስ ውስጥ ያለውን የቢራ አረፋ በጣቱ ያሳያል። "እያት! አንድ በአንድ ነው የምትወጣው!" ሌላው አልተዋጠለትም። "ባክህ ሲኒማቲክ ነው፣ ስንጫወተው እንደዚህ አይሆንም።" ሦስተኛው፣ የተቀረጸው ፒኤስ ፋይቭ (አምስተኛው ፕሌይስቴሽን) ላይ ነው፣ ግማሹም ጌምፕሌይ፣ ማለትም ተጫዋቹ ራሱ የሚያንቀሳቅሰው ክፍል ነው ብሎ ተከራከረ። እሱ ልክ ነው፤ የጌሙ ሠሪ ሮክስታር ራሱ እንደዚያ ብሏል። ክርክሩ እስኪመሽ ቆየ። ከተማዋ ማያሚን መምሰሏ፣ የሴቷ ገጸ ባሕርይ ነገር፣ ሽጉጡ ወገብ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ያልተነሳ የለም። እንዲህ ያለ ወሬ ደስ ይለኛል። ጌም ከመውጣቱ በፊት የሚወራው ነገር የጌሙ ግማሽ ነው። ማንም እንዲነጥቃቸው አልፈልግም።

ከዚያ ትንሹ ልጅ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ጋሼ፣ እዚህ ቤት መቼ ነው የሚገባው?" አለኝ።

ቤቴ ያሉት ማሽኖች የቀድሞዎቹ፣ ፒኤስ ፎር ናቸው። ጂቲኤ 6 ይወጣል የተባለው ደግሞ በፒኤስ ፋይቭ እና በአዲሶቹ የማይክሮሶፍት ማሽኖች፣ ኤክስቦክስ ሲሪስ ላይ ብቻ ነው። ለፒኤስ ፎር አልተነገረም። ጋዜጣችሁ ስለዚህ ጌም ደጋግሞ ጽፏል። ቀኑ መጀመሪያ ወደ ሜይ 2026፣ ቀጥሎ ወደ ኖቬምበር 19 ቀን 2026 ሲገፋም ዘግባችኋል። ይህችን አንዲት መስመር ግን አንድም ቀን አላየኋትም። እዚሁ ሰፈር አንድ ወጣት በቀን ሥራ ብር እያጠራቀመ ያገለገለ ፒኤስ ፎር ሊገዛ ተዘጋጅቶ ነበር። ምክንያቱ ጂቲኤ 6 ነው። ስነግረው ፊቱ ልውጥ አለ። "ታዲያ ለምንድነው የማይጽፉት?" ነው ያለኝ። እኔም ጥያቄውን ለእናንተ አደርሳለሁ።

ይህ ነገር ትንሽ አይደለም። ሳይበርፐንክ 2077 የተባለውን ጌም አስታውሱ። የሠራው ሲዲ ፕሮጄክት የተባለ የፖላንድ ኩባንያ ነው። ጌሙ እ.ኤ.አ. በ2012 ተነገረ፤ ከዚያ ስምንት ዓመት ተወራለት። በ2019 ሎስ አንጀለስ ላይ ተዋናዩ ኪያኑ ሪቭስ ራሱ መድረክ ላይ ሲወጣ አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ። ከመውጣቱ በፊት 8 ሚሊዮን ቅጂ በቅድሚያ ተሸጠ። ለጋዜጠኞች ቀድሞ የተሰጠው ግን የኮምፒውተሩ ቅጂ ብቻ ነበር። የራሳቸውን ቪዲዮ እንዲያሳዩም አልተፈቀደላቸውም። ብዙዎቹ ከፍተኛ ነጥብ ሰጡት፤ ኮምፒውተር ላይ ላየው ሰው ነጥቡ የሚገባው ነበር። ዲሴምበር 10 ቀን 2020 ፒኤስ ፎር ያለው ሰው ሲከፍተው ግን ሌላ ጌም ጠበቀው። የሰው ፊት ደብዝዞ ይመጣል፣ ምስሉ ይጎተታል፣ በመሐል ሃንግ አድርጎ ይዘጋል። የፕሌይስቴሽን ሠሪ ሶኒ ሳምንት ብቻ ጠብቆ ከኢንተርኔት መደብሩ አወጣው። ከዚያው መደብር ለገዙትም ገንዘብ እመልሳለሁ አለ። ሲዲ ፕሮጄክት ይቅርታ ሲጠይቅ በመጀመሪያ የጠቀሰው ጥፋት ይኸው ነው፤ ከመውጣቱ በፊት ጌሙን በቆዩት ማሽኖች ላይ አላሳየንም ነው ያለው።

እዚህ ላይ የእኛን አገር ሁኔታ አስቡት። የሶኒ መደብር ኢትዮጵያን ከአገሮቹ ዝርዝር ውስጥ አላስገባም። የአሜሪካ አካውንት እንከፍታለን፣ የመደብሩን የክፍያ ካርድ ከሰው በብር እንገዛለን፣ ወይም ዲስኩ በዘመድ ሻንጣ ይመጣል። አንድ አዲስ ትልቅ ጌም ብዙ ጊዜ 70 ዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሩ በገበያ እንዲተመን ከመደረጉ በፊት ያ 4 ሺህ ብር ገደማ ነበር። ዛሬ ከእጥፍ አልፏል። ጌሙ አልሠራም ብለን ገንዘብ መልሱ የምንለው ለማን ነው? አሜሪካ ያለው ልጅ ካልተመቸው ይመልሳል። እኛ መመለሻ የለንም። ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት የምናነበው ነገር ከማንም በላይ ያስፈልገናል።

ሳይበርፐንክ በኋላ ተስተካክሏል፣ ይህንንም መናገር አለብኝ። በሴፕቴምበር 2023 የወጣው ትልቅ ማሻሻያ ጌሙን እንደ አዲስ ሠርቶታል፣ ዛሬ ጥሩ ጌም ነው። ግን ያ ማሻሻያ ለፒኤስ ፎር አልተሰጠም። መጀመሪያ የተጎዱት ሰዎች አሁንም ከውጭ ቀሩ። "ሳይበርፐንክ ተነሳ" ብሎ የሚዘግብ ሰው ይህንን ካልጨመረ፣ ለእኔ ደንበኛ ግማሽ ዜና ነው ያደረሰው።

ሌላው ዩቲዩብ ነው። ልጆቹ ከጋዜጣ ይልቅ ዩቲዩበር ያምናሉ፣ "እሱ እኮ እንደኛ ተጫዋች ነው" ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 ዋርነር ብራዘርስ ሻዶው ኦቭ ሞርዶር የተባለውን ጌም ሲያወጣ ለታዋቂ ዩቲዩበሮች ከፍሎ ነበር። አንዱ በዚያ ጊዜ በዩቲዩብ ብዙ ተከታይ የነበረው ፒውዲፓይ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ባቀረበው ክስ መሠረት ጌሙን እንዲያሞግሱ፣ ስህተት ካዩም እንዳያሳዩ ተነግሯቸዋል። መከፈላቸው የተጻፈው ብዙ ጊዜ ከቪዲዮው በታች፣ "ተጨማሪ አሳይ" የሚለውን ያልነካ ሰው በማያየው ቦታ ነው። ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ2016 በስምምነት አለቀ። ይህን ታሪክ ለልጆቹ ነግሬያቸዋለሁ። አሁን አንዳንዶቹ ቪዲዮ ሲከፍቱ መጀመሪያ ታች ወርደው ያያሉ። እኔ አንድ ቤት ውስጥ ያሉትን ነው የምደርሰው፣ እናንተ ግን ለአገር ታደርሳላችሁ።

ስለ ፊፋ አጭር ነገር ልጨምር። ስሙ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ሆኗል፣ እኛ ቤት ግን አሁንም ፊፋ ነው። በየዓመቱ ሲወጣ ሽፋኑ ላይ ማን እንዳለ ትጽፋላችሁ። ውስጡ በገንዘብ ስለሚከፈተው ፓክ (የተጫዋቾች ካርድ ጥቅል) ግን አትጽፉም። ምን እንደሚወጣ ሳይታወቅ የሚከፈልበት ነገር ነው። ቤልጂየም እ.ኤ.አ. በ2018 ቁማር ነው አለች፤ የጌሙ ሠሪ ኢኤም ከጃንዋሪ 2019 ጀምሮ እዚያ አገር የፓክ መግዣውን ነጥብ መሸጥ አቆመ። የእናትን ስልክ ወስዶ ካርድ ቁጥር የሚያስገባ ልጅ ያለው ወላጅ ይህን ማወቅ አለበት።

አንድ ደንበኛዬ ላይ የደረሰውንም ልንገራችሁ፤ የጌሙን ስም እተወዋለሁ። እህቱ ዱባይ ትሠራለች። ለልደቱ አዲስ ጌም ገዝታ ለሚመጣ ሰው ሰጠች። ልጁ የፕላስቲኩን ሽፋን እንኳ ሳይቀድ ይዞት መጣ፣ እኔ ቤት አብረን ልንከፍተው። ዲስኩን አስገባን። ዲስኩ ላይ ያለው ከፊሉ ብቻ ነበር። የቀረው ከ60 ጊጋባይት በላይ ከኢንተርኔት መውረድ ነበረበት። ሳጥኑን ገልብጬ ሳነብ ከታች በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ትሬይለሩ ላይ የለም፣ ልጁ ያነበበው ዜና ላይም የለም። ኢንተርኔቱ እየተቆራረጠ ሌሊቱን ሲወርድ አደረ። እሱም ሊጠብቅ ፈልጎ ነበር፣ እናቱ ደውላ ወደ ቤት አስገባችው። እህቱ ለዚያ ዲስክ ስንት ሰዓት እንደሠራች አስቡት።

የምጠይቃችሁ ከባድ ነገር አይደለም። ስለ ጌም ስትጽፉ በየትኛው ማሽን እንደሚሠራ፣ ያያችሁት ቪዲዮ ከየትኛው ማሽን እንደተቀረጸ፣ ስንት ጊጋባይት እንደሚያወርድ ጻፉልን። ኩባንያው ካልተናገረ፣ አልተናገረም በሉ። ሪፖርተራችሁ ተጫውቶት ካልሆነ ጥሩ ነው አትበሉ። ከተቻለም ጌሙ ከወጣ ሳምንት ቆይታችሁ ጻፉ፤ እኛ እንጠብቃለን፣ ጥድፊያው የሻጩ ነው። ስልክ ላይ የሚሠሩ የአገራችንን ጌሞችም አትርሱ። የቅኔ ጌምስን ኩኩሉ ብዙ ልጅ ስልኩ ላይ ሊጫወተው ይችላል፤ ከማያገኘው ጌም ዜና አንድ አምስተኛውን ቦታ እንኳ ቢያገኝ ጥሩ ነበር።

ፒኤስ ፎር ላይ መሞከር የሚፈልግ ሪፖርተር ካላችሁ ቤቴ ክፍት ነው። ጠዋት ላይ ልጆቹ ትምህርት ቤት ስለሚሆኑ ማሽኑ ነፃ ነው። ሂሳብ አልቀበልም። ጆይስቲኩ አንዱ ወደ ግራ ስለሚስብ ሁለተኛውን ይያዝ።

አክባሪያችሁ
የፕሌይስቴሽን ቤት ባለቤት፣ ከሳሪስ