ውስጠ ባዶ ዓለም ከሳይንሳዊ ልቦለድ መባረር የለበትም

ክቡር አዘጋጅ፣

በሥነ ጽሑፍ ዓምዳችሁ ስለ ሳይንሳዊ ልቦለድ የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ፤ ሰዎች በውስጠ ባዶ ዓለም፣ ማለትም በቅርፊቱ የውስጥ ገጽ ላይ፣ ሲኖሩ የሚተርከው ልቦለድ ጊዜው ያለፈበት የልጆች ተረት ተደርጎ መታለፉ ግን ቅር አሰኝቶኛል።

እ.ኤ.አ. በ1692 እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ኤድመንድ ሃሌይ፣ የኮምፓስ መርፌ አቅጣጫ በዘመናት ውስጥ ለምን እንደሚለዋወጥ ለማስረዳት ሲል፣ ምድር አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀመጡና ለየብቻ የሚሽከረከሩ ቅርፊቶች እንዳሏት፣ በውስጧም ብርሃንና ሕይወት ሊኖር እንደሚችል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ሐሳቡ በኋላ ስሕተት ሆኖ ቢገኝም፣ የመነጨው ከልኬትና ከምርምር ነው።

ደራስያንም አልናቁትም። ኤድጋር ራይስ በሮውስ እ.ኤ.አ. በ1914 ባስተዋወቀው ፔሉሲዳር በተባለ የውስጥ ዓለም፣ ፀሐይ መካከል ላይ ተሰቅላ ስለማትንቀሳቀስ ሌሊት የሚባል ነገር የለም፤ ስለዚህ አንዱ ገጸ ባሕርይ ብዙ መከራ አሳልፎ ሲመለስ፣ ጓደኛው ገና አሁን የተለየው ይመስለዋል። ጊዜ ያለ ፀሐይ መውጣትና መግባት ምን እንደሆነ ለመጠየቅ ይህን የመሰለ መቼት ከየት ይገኛል?

እርግጥ ነው፣ የበሮውስ ዓለም ከባድ ጉድለት አለበት። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 እንዳሳየው፣ ውፍረቱ በሁሉም በኩል እኩል የሆነ ክብ ቅርፊት በውስጡ ያለውን አካል ወደየትም አይስበውም፤ የአንዱ ወገን ስበት የሌላውን ያጣፋዋልና። በዚያ የሚቆም ሰው መሬቱ አይዘውም፤ እንዲያውም የመካከሏ ፀሐይ ወደ ራሷ ትጎትተዋለች።

ነገር ግን ይኸው ሕግ መቼቱን አልገደለውም፣ አሻሻለው እንጂ። አርተር ሲ. ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ልቦለድ፣ ራማ የተባለው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ባዶ ሲሊንደር በራሱ ዙሪያ ሲሽከረከር፣ በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ያሉት ሰዎች ሽክርክሪቱ ወደ ግድግዳው ስለሚያስጠጋቸው ክብደት ይኖራቸዋል። ጎብኚዎቹ የሚገቡት ክብደት በሌለበት በአንዱ ጫፉ መካከል ነው፤ ደረጃውን በወረዱ ቁጥር ሰውነታቸው እየከበደ ይሄዳል፤ ቀና ሲሉም የሲሊንደሩን ወገብ የከበበው ባሕር ሳይፈስ ከአናታቸው በላይ ተዘርግቶ ያዩታል። እዚህ ላይ የሚያስደንቀን የደራሲው ፈጠራ ብቻ አይደለም፤ የፊዚክስ ሕግ ራሱ ትዕይንቱን ሠርቶታል።

ስለዚህ ዓምዱ ጉዳዩን ዳግም እንዲመለከተው፣ የእኛም ደራስያን ክብደት ከቦታ ቦታ በሚለያይበት ዓለም ውስጥ ሰው እንዴት እንደሚያርስ፣ ቤት እንደሚሠራና ሙታኑን እንደሚቀብር የሚተርክ ሥራ ይዘው ሲመጡ እንዲያስተናግዳቸው በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ