መነጽሩን አያችሁ፣ ድምፁን ግን ተዋችሁት

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እሑድ ስለ «ቲንከር ቴይለር ሶልጀር ስፓይ» የስለላ ፊልም የተዋንያን መረጣና ዝግጅት ያወጣችሁትን ጽሑፍ እዚህ ጅማ ከቲያትር ክበባችን ልጆች ጋር አነበብነው። የምንወደው ፊልም ስለሆነ ጓጉተን ነበር የጀመርነው። ስንጨርስ ግን ሁላችንም ተናደድን።

ጸሐፊያችሁ ተዋናዩ ጋሪ ኦልድማን ዋናውን ሰላይ ጆርጅ ስማይሊን እንዴት አድርጎ እንደተጫወተው ሲነግረን መነጽሩ ላይ ሙጭጭ አለ። መነጽሩ እንዴት እንደተመረጠ፣ ፊቱ ላይ እንዴት እንደተቀመጠ። እሺ፣ መነጽሩ ቀላል ነገር አይደለም። ድምፁስ? ኦልድማን ፊልሙ የተሠራበትን ልቦለድ ደራሲ ጆን ለ ካሬን አግኝቶ፣ አነጋገሩን አዳምጦ፣ ለስማይሊ ድምፅ ከእሱ እንደወሰደ ራሱ ተናግሯል። ለ ካሬ ደግሞ በብሪታንያ የስለላ መሥሪያ ቤቶች ውስጥ የሠራ ሰው ነው። ለዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አልሰጣችሁም።

ከኦልድማን በፊት የነበረውንም ዘላችሁታል። እ.ኤ.አ. በ1979 ይኸው ታሪክ ለቢቢሲ ሲሠራ ስማይሊን የተጫወተው አሌክ ጊነስ ነው። ጊነስ እውነተኛ ሰላይ ማየት እፈልጋለሁ አለ። ለ ካሬም የብሪታንያ የውጭ ስለላ መሥሪያ ቤት የኤምአይሲክስ ኃላፊ ከነበሩት ከሞሪስ ኦልድፊልድ ጋር ምሳ አገናኘው። ያ ትልቅ ተዋናይ ምሳውን ትቶ የሰውየውን አለባበስና አካሄድ ሲያጠና ነበር።

ይህን ለምን አጥብቄ ያዝኩት? ጽሑፋችሁ መጨረሻ ላይ የክፍለ ሀገር ተዋናይ ቃለ ተውኔት ሸምድዶ መድረክ ላይ ከመውጣት ያለፈ ዝግጅት አያውቅም ይላል። ዝግጅት ማለት መነጽርና ገንዘብ ነው ብሎ የጀመረ ሰው እዚያ መድረሱ አይቀርም። ሰው ጋ ሄዶ ማየትና ማዳመጥ ነው ብላችሁ ብትጽፉ ኖሮ እኛም ትዝ እንላችሁ ነበር። ሰው ማየት ገንዘብ አያስወጣም።

ከልጆቻችን አንዱ የቡና ነጋዴ ሆኖ እንዲጫወት ተሰጠው። በጠዋት እየተነሳ እዚሁ ጅማ መርካቶ ሄዶ ነጋዴዎቹን ማየት ጀመረ። ነጋዴው ከጆንያው እፍኝ ያወጣል። መዳፉ ላይ በትኖ በአውራ ጣቱ ያገላብጠዋል። አንዷን ፍሬ ነክሶ ድርቀቷን ያያል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ቃል አይተነፍስም። ፍሬውን ወደ ጆንያው መልሶ፣ እጁን አራግፎ፣ ሌላ ቦታ እያየ ነው ዋጋ የሚጠራው። ልጁ ያንን ዝምታ መድረክ ላይ ይዞት ሲመጣ አዳራሹ ጸጥ አለ። የኦልድማን ስማይሊም ፊልሙ ተጀምሮ ብዙ ደቂቃ እስኪያልፍ አንድ ቃል አይናገርም። ታዲያ የትኛው ነው ሽምደዳ?

ከዚያ አንድ የፊልም ቡድን ለቀረጻ ወደ ከተማችን መጣ። ታሪኩ ውስጥ የጅማ ቡና ነጋዴ አለ ሲባል ልጆቼን ይዤ ሄድኩ። ኦዲሽን እንኳ አልሰጧቸውም። «ፊታቸው አይታወቅም» ተባልን። ለነጋዴነት የተመረጠው ተዋናይ ቀረጻው ሊጀመር ሲል ከአዲስ አበባ ደረሰ። አንድም ነጋዴ አላናገረም። የኦሮሞ ሰው አማርኛ እንዲህ ነው ብሎ ለማሳቅ አፉን አጣመመ። ስንት ጠዋት መርካቶ የቆመው ልጄ ከኋላው ጆንያ ተሸክሞ እንዲያልፍ ተደረገ። እዚህ ከተማ ኦሮምኛና አማርኛ እየቀያየረ የሚያወራ ልጅ በየሰፈሩ ሞልቷል። አንዱን መጠየቅ ምን ይከብዳል? ያኔ የት ነበራችሁ? ስለዚያ ዝግጅት አንድ መስመር ሲጻፍ አላየሁም።

ደግሞ ጽሑፋችሁ ኦልድማን በ«ቲንከር ቴይለር» ኦስካር ወሰደ ይላል፤ አልወሰደም። እ.ኤ.አ. በ2012 እጩ ብቻ ነበር። ያሸነፈው በ2018 ነው፣ ቸርችልን ሆኖ። ይህንንም አርሙ።

ስለ ክፍለ ሀገር ተዋንያን የጻፋችሁትን ግን እርማት ብቻ አይበቃውም። ጸሐፊያችሁን ላኩልን። ልምምዳችን ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት ነው። ልጆቹ ሲሠሩ ቁጭ ብሎ ይይ፣ ጠዋት ከእነሱ ጋር መርካቶ ይውረድ፣ ከዚያ ያየውን ይጻፍ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንድ አማተር ቲያትር ክበብ አሰልጣኝ
ጅማ